ተረከዜና የሼህ ይመር ደጅ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ዓመት በጥር ወር ነው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ልወርድ ስል ስለሚታወሰኝ የምረሳው አይመስለኝም።

መካነ ሰላም ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እንጀራዬ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ መቆም ነው። ታዲያ ተረከዜን ያመኝ ጀመር። በተለይ ጠዋት የመጀመሪያዋን እርምጃ ስራመድ ሚስማር የረገጥኩ ያህል ያስጮኸኛል። ደንበኞቼ ደግሞ ፀጉራቸውን እየተቆረጡ መድኃኒት ያዙልኛል። አንዱ በሞቀ የጨው ውኃ ዘፍዝፈው ይላል፤ ሌላው ቅባት አሙቀህ እሸው ይላል። ሁሉንም ሞከርኩት። ለአንድ ቀን ሻል ይለኝና ተመልሶ ያው ነው።

የደረሰልኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ከፀጉር ቤቴ አጠገብ ተከራይቶ የሚኖር የባጃጅ ሾፌር ነው። አንድ ቀን ሳነክስ አየኝና "ጋሼ፣ እስቲ እግርዎን ያምጡት" አለኝ። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ከተረከዜ ጀምሮ ውስጥ እግሬን ጫን ጫን እያደረገ አሸው። ቀጥሎ ጣቶቼን ወደ ላይ ቀልበስ አድርጎ ያዛቸው። በመጨረሻ "ቢስሚላህ" ብሎ ተረከዜን በመዳፉ ጠፍ አደረገው።

"ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲህ ያድርጉ" አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ፤ እያደር ቀለለልኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢስሚላሁንም ግን አልተውኩትም። መድኃኒት በግማሽ አይወሰድም ብዬ።

ሰይድ ሊያገባ ሲል አንድ ነገር ያዘው። አባቱ ሼህ ይመር አቀስታ አካባቢ ቁርዓን የሚያቀሩ ሰው ናቸው። ልጄ ይተካኛል ብለው ሲያስቡ፣ እሱ ትምህርቱን ትቶ ሳይሰናበታቸው ከቤት ወጣ። "ከእንግዲህ ልጄ አይደለም" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቤታቸው ውስጥ አይነሳም። ሰይድ ደግሞ "ያለ አባቴ ዱዓ ኒካህ አላስርም" ብሎ ድርቅ አለ። የልጅቷ ቤተሰቦች መጠበቅ ሰልችቷቸዋል።

ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና እኔ ልናስታርቅ ሄድን። ሰይድ ከአባቱ ቤት በታች ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቀረ።

ሼህ ይመር ደጃቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠው ነበር። በደስታ ተቀበሉንና "ተቀመጡ" አሉን። ሽማግሌ ግን የመጣበት ጉዳይ ሳይያዝለት አይቀመጥም። ቆመን ነገሩን አስረዳናቸው። የሰይድን ስም ስንጠራ ፊታቸውን አዞሩ።

"ሌላ ነገር ካላችሁ እንስማ" አሉ።

ስለ አሏህ ብለን ለመንን፤ ወይ ፍንክች!

በዚህ መሐል ተረከዜ ተነሳብኝ። መንገዱን ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ መጥቼ፣ የአቀስታ ብርድ ሲጨመርበት ባሰው። መቀመጥ ነውር ነው፤ መቆም ደግሞ አልቻልኩም። ግድግዳውን ተደግፌ ጫማዬን አወለቅሁ። ሳላስበው እንደ ጠዋቱ አሸሁት፤ ጣቶቼን ቀለበስኩ፤ "ቢስሚላህ" ብዬ ጠፍ አደረግሁት። አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች በኀፍረት አፈጠጡብኝ።

ሼህ ይመር ግን ዞረው እግሬን ያያሉ።

"ይህን ማን አሳየህ?" አሉኝ።

"ሰይድ ነው" አልኳቸው።

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ የኔን ተረከዝ እንዲያ ነበር የሚያሸኝ። ቢስሚላሁን የጨመረባትም እሱ ነው፤ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ" አሉ። "አሁንም ሰው ያሻል?"

"ያሻል እንጂ! ሰፈሩ ውስጥ እግሩን ያመመው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው።"

 ያ ሁሉ ልመናችን ያላነቃነቃቸው ሰው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"የት ነው ያለው?" አሉ።

ሰይድ ስንጠራው እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። "አባባ፣ አውፍ በሉኝ" አለ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ሼህ ይመር ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ዘረጉለት።

"ድንጋዩን ጣለው" አሉት። "እጅህን ነው የምፈልገው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዤ ነው የምነሳ።"

ሰይድ ተንበርክኮ ማሸት ጀመረ። እንባው እግራቸው ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸውም እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አድርገው ዱዓ ያደርጉለት ጀመር። እኛም ያን ጊዜ ተቀመጥን።

ተረከዜ ዛሬ ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ይጠዘጥዘኛል። ጠዋት እግሬን ይዤ "ቢስሚላህ" ስል ባለቤቴ ትስቅብኛለች። እኔ ግን ያ ደጅ ትዝ ይለኝና እስካሁን ይገርመኛል። ፈጣሪ ሰውን ከሰው ለማስታረቅ የማይጠቀምበት ነገር የለም መሰለኝ፤ የታመመ ተረከዝም ቢሆን።