ለልጄ ቆዳ ስል ቤት ፍለጋ

የምንኖረው ሰበታ፣ ፋብሪካ ጀርባ ነው። የሁለት ዓመቷን ልጄን ችፌ ይዟት ቆዳዋ እስኪደማ ታካለች። ሐኪሟ፣ «ቅባቱ ብቻ አይበቃም፤ የፋብሪካው ጭስ ያባብስባታል። ከቻሉ ሰፈር ይቀይሩ» አለችኝ።

ደላላ ቡራዩ ቤት አገኘልኝና ልጄን አዝዬ ላየው ሄድኩ። ለቃ የምትወጣው ተከራይ ዕቃዋን እያሰረች ነበር። ፍራሽ ላይ የተኛው ሕፃን ልጇ እጆቹ ላይ ካልሲ ተጠልቆለታል።

«እንዳያክ ነው?» አልኳት፤ እኔም ልጄን እንደዚያ ስለማደርጋት።

«አዎ። እዚህ አጠገባችን ያለው የድንጋይ መፍጫ አቧራ ቆዳውን ጨረሰው። ተመስገን ነው፣ አሁን ሰበታ ቤት አግኝተናል።»

ዝም ልል ፈልጌ አቃተኝ። «እኛ ከሰበታ ሸሽተን ነው የመጣነው» አልኳት።

የልጄን አንገትና ክንድ አየች። ከዚያ ልጇን አንስታ አዘለችና ፍራሹን መጠቅለል ጀመረች።