የእናቴ ጽጌረዳና የእንግዶቿ ሙዝ

እናቴ ጡረታ ስትወጣ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት አንድ እቅፍ ቀይ ጽጌረዳ ሰጣት። ዕድሜዋን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስትምግ ኖራ ያተረፈችው እሱን ነው። እኔ ብሆን አኩርፌ እዚያው ትቼው እመጣ ነበር። እሷ ግን የባጃጁን ሹፌር "ቀስ በል" እያለች፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ሶዶን አቋርጣ ቤት ገባች።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። አበባው እስከ እሑድ መቆየት አለበት፤ እሑድ ታላቅ እህቷ ከቢጠና ትመጣለች። ልጆች ሳሉ ቤቱ ማስተማር የሚችለው አንዷን ብቻ ስለነበር፣ አክስቴ "እሷ ትማር" ብላ ከትምህርት ቤት ወጥታ ቅቤ ነጋዴ ሆነች። እናቴ አበባውን ለእሷ ልትሰጣት ቆርጣለች።

"ትኩሱን ነው የምሰጣት" አለችን። "ድርቆሽ ለላም ነው።"

ከዚያ በኋላ ሳሎናችን የአስታማሚ ቤት ሆነ። አባቴ ውሃው ውስጥ ስኳር ጨመረ። ጎረቤታችን ስኳሩን ሳታውቅ አስፕሪን ጨመረች። ሊጠይቁን የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ለእናቴ ሲጸልዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን የጫኑት አበባው ላይ ነበር። አሜን አልን። እኔ ብቻዬን ጤነኛ መስዬ ጠዋት ጠዋት ውሃውን እቀይራለሁ፤ የግንዱን ጫፍ በሰያፍ እቆርጣለሁ።

"ቆርጠሽ ቆርጠሽ ልትጨርሺው ነው!" ትለኛለች እናቴ።

ሐሙስ ዕለት ጽጌረዳዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ስልኬን ከፍቼ ሳነብ ገዳዩን አገኘሁት፤ ሙዝ ነው። ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጃል። እኛ ሰፈር ደግሞ "እንኳን ደስ አለሽ" ባዶ እጅ አይባልም፤ መጪው ሁሉ ሙዝ ይዞ ይመጣል። እንግዳ ያመጣው ነገር ጓዳ ከገባ ነውር ነው፤ ሳሎን፣ ያውም የክብሩ ጠረጴዛ ላይ፣ አበባው ሥር ይቀመጣል። እናቴን የሚያከብራት ሰው በበዛ ቁጥር አበባዋ ፈጥኖ ይሞታል ማለት ነው።

"ሙዙን ጓዳ እናስገባው" አልኳት።

"አብደሻል? ያመጣነውን ደበቀችው ይበሉኝ?"

"እንግዲያው አበባው ይግባ።"

"አበባው ጓዳ ከገባ ምኑን ጡረታ ወጣሁት?"

የቀረን መብላት ነበር። እኔና አባቴ ቁርስም ምሳም እራትም ሙዝ በላን። አንዱን እጅ ሙዝ ስንጨርስ በሩ ይንኳኳል፤ ሌላ ሙዝ ይገባል። አባቴ ሆዱን ይዞ፣ "ከዚህስ ጽጌረዳውን ብበላው ይሻለኝ ነበር" አለ።

እሑድ አክስቴ ስትደርስ በሕይወት የተረፉት ሦስት ነበሩ፤ እነሱም ጠርዛቸው ጠቁሯል። እናቴ ከውሃው አውጥታ ሰጠቻትና፣ "ያንቺ ነው። አንቺ ባትተዪልኝ ኖሮ እኔ አስተማሪ አልሆንም ነበር" አለቻት፤ በወላይትኛ። ከዚያ አለቀሰች።

"ፍየሌ እንኳን አትበላውም" አለች አክስቴ። እጇ ግን ቀድሞ ተዘርግቷል።

ሳይመሽ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። የአበባውን ጫፍ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ ፌስታል አሰርኩበት። የሚኒባሱ ረዳት አበባውን አየና፣ "እማማ፣ ሰርግ ነበር እንዴ?" አላት።

አክስቴ ወደ እኔ ዞር አላለችም። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጡረታ ወጥቼ ነው" አለችው።

"እንኳን ደስ ያለዎት! ከምን?"

"ከአስተማሪነት።"

ረዳቱ ጋቢና የተቀመጠውን ወጣት አስነስቶ እሷን አስቀመጣት።