ለእንግዳ የተጸዳው ቱቦ

የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል ሊዞሩ ነው እየተባለ በሚወራበት ዘመን፣ ታላቅ ወንድሜ አቃቂ ባለ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ከቦይለሩ ቤት ጎን በተሰጠችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቦይለሩ ጭስ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ኦክስጅኑ ከበዛ ነዳጁ ትርፍ አየር ሲያሞቅ ይባክናል፤ ካነሰ ደግሞ በቅጡ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ሠራተኞቹ ይህን በዓይን ይገምቱት ነበር፤ እሱ መለካት ፈለገ።

መሣሪያው ጣት የምታክል፣ አንድ ጫፏ የተደፈነ ነጭ የሸክላ ቱቦ ናት። ሸክላው ዚርኮኒያ ይባላል፤ እንደ ፍም ሲግል ኦክስጅንን አዮን አድርጎ ያሳልፋል፣ ሌላውን ጋዝ አያሳልፍም። በውስጧ አየር፣ በውጭዋ ጭስ ሲሆን፣ የኦክስጅኑ ልዩነት ጥቂት ሚሊቮልት ይፈጥራል። ያንን የሚሰበስበው ከውስጥም ከውጭም የተቀባ ስስ ፕላቲነም ነው። ግራጫ ነው፤ ለማያውቀው ቆሻሻ ይመስላል።

ከዚያ በፊት የሠራቸው ቱቦዎች ሁሉ ተሰንጥቀውበታል። መብራት በሄደ ቁጥር ቱቦዎቹን የሚተኩስበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ ሸክላውም አይችለውም። አንዷ ተረፈች። አንድ ጓደኛው ከውጭ አገር በሻንጣው ያመጣለት የፕላቲነም ቅባትም በእሷ ላይ አለቀ።

ሥራ አስኪያጁ «ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ሲመጡ ይሥራ። ካልሠራ ክፍሏን ለመጋዘን እፈልጋታለሁ» አሉት።

እንግዳ ሊመጣ ሲል በዚያ ግቢ የማይጸዳ ነገር የለም። የዛፉ ግንድ ኖራ ይቀባል፤ ከሠራ ዓመታት ያለፈው ማሽን እንኳ በዘይት ይወለወላል።

የጉብኝቱ ዕለት የእረፍት ቀኔ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ቱቦዋን በዋዜማው ጭስ ማውጫው ላይ ገጥሟት ነበር። ቦይለሩ ተነሣ፣ ቱቦዋም ጋለች። መለኪያው ግን ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።

«ኦክስጅን የሚባል የለም እኮ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ወደ እንግዶቹ ዞረው። «እንደ ኢንጂነራችን ከሆነ ሁላችንም ሞተናል፣ የቀረን መቀበር ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ወንድሜ ሽቦዎቹን ደጋግሞ ነካካ። እንግዶቹ ወደ ምሳ ሲሄዱ ቱቦዋ እስክትበርድ ጠብቆ አወጣት። ጫፏ እንደ ወተት ነጥቷል።

የቦይለሩ ቤት አዛውንት ሠራተኛ በበሩ ብቅ አሉ።

«እንዴት ነው ልጄ፣ አማረች አይደል? ጥላሸት ይዟት በእንግዳ ፊት ልታዋርድህ ነበር። ትናንት ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትጋት አመሸሁ።»

ወንድሜ ቱቦዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት።

«እጅዎ ይባረክ፣ አባባ» አላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «ለምን አልነገርካቸውም?» አልኩት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ እውነቱን መናገር ነውና ዝምታው አላስቻለኝም።

«ቢያውቁት ፕላቲነሙ ይመለሳል?»

ክፍሏ ወዲያው በቀለም በርሜል ተሞላች፤ እሱም ወደ ግዢ ክፍል ተዛወረ። ጓደኛው ሌላ ቅባት ልላክልህ ብሎ እንደነበር ከሰው ሰምቼ ጠየቅኩት።

«ይቅርብኝ አልኩት» አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። «ምድጃውንም አንሥተውታል።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው አንሥቶ አያውቅም። ገና አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር።