የተዳፈነው ድስት

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ መስከረም ከጠባ በሳምንቱ። ያን የድሮ ነገር ያስታወሰኝ የዘንድሮው የመብራት ሒሳብ ነው። ጎረቤቴ ወረቀቱን ይዛ መጥታ የእኔ ቆጣሪ ለምን እንደማይሮጥ ጠየቀችኝ። ብርድ ልብስ የለበሰውን ድስቴን አሳየኋት። ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት መጥቼ ወረታ አጠገብ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ሜዳው ዛፍ የለውም፤ ማገዷችን ኩበት ነው። በዚያ ክረምት ጎርፉ ደጃችን ድረስ ገብቶ የኩበት ክምራችንን አራሰው። የተረፈው አዲሱ እስኪደርቅ አያደርስም። አባቴ በዚያ ሰኞ ምሳ ላይ፣ ታናሽ እህቴ የሺ ዘንድሮ ትምህርት ቤት እንደማትሄድ ተናገረ። ከከብቶቹ ኋላ እየዞረች ኩበት ትለቅማለች፤ እሱም ሲጠፋ አህያ ነድታ እንጨት ፍለጋ ወደ ደጋው ትወጣለች። የሺ ጉርሻዋን ሳትውጥ ተነሥታ ወጣች።

እኔ ሰው ፊት ድምፅ የማይወጣኝ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት የምለው ሁለቴ ተንፍሼ ነው። ያን ቀን ግን ዐይኔ ከምድጃው አልነቀል አለ። እናቴ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ ትዳፍነዋለች፤ ጠዋት ስትገልጠው እንደቀላ ነው። ፍም እንዲህ ከቆየ፣ የፈላ ድስትስ?

«አባባ፣ የምናነደው ኩበት በግማሽ ቢቀንስ የሺ ትማራለች?» አልኩ።

«ሽምብራው ሳይነድበት ይብሰልና እሰማሻለሁ» አለ።

ልብሴን ከእንጨት ሣጥኔ አውጥቼ ጭድ ሞላሁበት። ሲዘፈዘፍ ያደረውን ሽምብራ ጣድኩ፤ አጥብቆ ሲንተከተክ ከነክዳኑ አውርጄ ጭዱ ውስጥ ቀበርኩት፤ ላዩን በጋቢዬ ሸፈንኩ። እናቴ ያላማሰለችውን ድስት አታምንም፤ ሁለቴ ልትከፍተው መጣች። ለሦስተኛ ስትመጣ ሣጥኑን ዘግቼ ቁጭ አልኩበት።

አባቴ ከከብቶቹ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። «ዶሮ ሆንሽ እንዴ ልጄ? ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ ድስት መታቀፍ ነው?»

ፊቴ ጋለ። አልተነሣሁም።

ለእራት ሣጥኑ ሲከፈት እንፋሎቱ እናቴን ወደ ኋላ መለሳት። አባቴ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ጨመቃት፤ ፈረጠች። ሌላ አነሣ፤ እሷም ፈረጠች። ከዚያ በላ።

«እሰማሻለሁ አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም» አለ በመጨረሻ።

አልተቀየምኩትም፤ ማገዶው አልቆ ቤቱ ጨለማ እንዳይሆን የፈራ ሰው ነበር። የዛሬው ሒሳብ በወረቀት ይመጣል። ጥራጥሬ የዘፈዘፈ፣ ድስቱን የከደነ፣ ሳይረሳ አምፖል የሚያጠፋ ያቀለዋል። የያኔው ግን የሚከፈለው በሴት ልጅ እግር ነበር። ስለዚህ ማንም ቢስቅ ብርድ ልብሱን ከድስቴ ላይ አላነሣም።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ የቀኑን ባቄላ አፍልቼ ሣጥኑ ውስጥ ዳፈንኩ። ፈቃድ አልጠየቅሁም። የየሺን እጅ ይዤ፣ ጫማችንን አውልቀን፣ ላስመዘግባት በጭቃው ወደ ወረታ ወጣን። አጥሩን ስናልፍ አባቴ ሲጣራ ሰምቼ ዞር አልኩ። እናቴ ሣጥኑን ደጃፉ ላይ ጎትታ ተቀምጣበታለች፤ እሱ ከኋላዋ መውጫ አጥቶ አንገቱን ያሰግጋል።

«ከተነሣሁ ይቀዘቅዛል» ትለዋለች።