የአርባ ሦስት ዓመቱ ተለማማጅ

በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ በርብ ወንዝ ዳር የነበረው የአምራቾች ማኅበር የውኃ መሳቢያ ሞተር ቆመ። ሽንኩርቱ ገና ጭንቅላት እየቋጠረ ነበር። አባላቱ ተራ በተራ እጀታውን አዞሩ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ዝም አለ። ጠጋኝ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ሰው ተላከ። ጠጋኙ የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። አንዲት ትንሽ ዕቃ ፈታ፣ በናፍጣ አጠበ፣ በአፉ እፍ አለባት፣ መልሶ ገጠማት። ሞተሩ ተነሣ። ያቀረቡለትን አንድ ጣሳ ጠላ እንኳ ጠጥቶ አልጨረሰም ነበር።

አባላቱን ከመዘግየቱ ይልቅ ይህ አናደዳቸው። የሽንኩርቱ ግማሽ ደርቋል፤ ያደረቀው ደግሞ በእፍታ የሚለቅ ቆሻሻ ነው።

በዚያው ሳምንት በመጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰቡ። ወረታ ውስጥ የብረት ሥራና የሞተር ጥገና ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ ከገበሬው ተለማማጅ እንደሚቀበልም ሰምተዋል። የሚላከው ማን ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ ከጎረምሶቹ እንምረጥ አለ። ሌላው፣ ጎረምሳ ከላክን ሙያውን ይዞ ጎንደር ይገባል፣ ያም ባይሆን ለብሔራዊ ውትድርና ይጠራል አለ። ልጁ እንዳይጠራበት የማይፈራ ቤት ጥቂት ነበርና የጎረምሳው ነገር በዚሁ ቀረ።

ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ «አንለይ ይሂድ» አለች። «ሚስቱ እዚህ ናት፣ አምስት ልጆቹ እዚህ ናቸው። የት ይጠፋል? ጉልበቱም ከተመታ ወዲህ ጭቃ ላይ ማረስ አልሆነለትም።»

ሰው ሳቀ፤ ግን ተስማማ። አንለይ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ሲያርስ በሬው ገፍትሮ ጥሎት ቀኝ ጉልበቱ ተጎድቷል።

«እኔ ከበሬ ሌላ የማውቀው የለኝም» አለ።

«ሞተር እንደ በሬ አይወጋህም» አለው ጎኑ የተቀመጠው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለጥሩብርሃን ነገራት። ይህን ታሪክ ለእኔ ያጫወተችኝም እሷው ናት።

«በዚህ ዕድሜዬ የማን ተማሪ እሆናለሁ?» አላት።

«የሚያውቅ ሰው ተማሪ ነዋ።»

«ሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ። ሳቅ ሽንኩርት አያጠጣም።»

ወረታ ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወልደ ሥላሴ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ የወፍጮ ጠጋኝ ነበሩ። መዝገብ አውጥተው ስሙን ጻፉ፣ ቀበሌውን ጻፉ፤ ዕድሜው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ። ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው፣ ደንቡ ወደ ተለጠፈበት አነሡ።

«ደንባችን ከአሥራ ስምንት በላይ ይላል» አሉ። «እስከ ስንት እንደሆነ ግን አይልም።» አሉና አርባ ሦስት ብለው ጻፉ። ቀጥለው ደንቡን አስረዱት። ተለማማጅ ሁለት ዓመት ይሠራል፤ በመጨረሻ በአሥራ አንዱ አባላት ፊት ይፈተናል፤ ሁሉም እጃቸውን ካወጡለት የማኅበሩ ሙሉ አባል ይሆናል፤ ካላወጡለት እንደገና ይማራል።

አስተማሪ ሆኖ የተመደበለት በላቸው ነበር። በላቸው ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ፣ ሰማያዊ ቱታው የሚሰፋው ቀጭን ሰው ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት። አንለይ በመጀመሪያው ቀን «አንተ ልጅ» ብሎ ጠራው። በላቸው አልተቆጣም።

«አያ አንለይ» አለው፣ «ከዚህ በር ውጭ አባቴ ነዎት። እዚህ ውስጥ ግን እኔ ሳልነግርዎት አንድ ብሎን እንዳይፈቱ።»

አራት ወር ሙሉ ሥራው ማጠብ ብቻ ሆነ። የተፈታውን ብረት በናፍጣ ያጥባል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ ያቀብላል። ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ የብሎን መፍቻውን በየቁጥሩ ለየ። በመሠረተ ትምህርት ያገኛት ንባብ እዚህ ላይ ጠቀመችው። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ከጋቢው ላይ የናፍጣ ሽታ አልለቅ ብሎ ጥሩብርሃን ጋቢውን ከደጅ ታሰጣዋለች።

አንድ ቀን ይፋግ ገበያ ላይ የድሮ ወዳጁ አገኘውና፣ «ቀጥቃጭ ሆንክ አሉ» አለው። በዚያ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ይናቃል፤ ይፈራልም። አንለይ በዘሩ ቄስና ገበሬ እንጂ ብረት የነካ የለም። ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ የሆነውን ለበላቸው ነገረው።

በላቸው ከሞተሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ማረሻዎን ማን ነበር የሚሠራልዎት?» አለ።

«ቀጥቃጭ።»

«በማረሻው የታረሰውን እህልስ ማን በላው?»

«ሁላችንም በላነው።»

«እንግዲህ ያችን ፒንሳ ያቀብሉኝ።»

ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልተነጋገሩም። አንለይ ግን የዚያን ቀን ምሳውን በላ።

በአሥረኛው ወር ብቻውን አንድ ሞተር እንዲገጥም ተፈቀደለት። ገጥሞ ሲጨርስ ዕቃዎቹን ባስቀመጠበት ጆንያ ላይ አንዲት ትንሽ የመዳብ ቀለበት ተርፋ አገኘ። ከየት እንደወጣች አላወቀም። ዙሪያውን አየ፤ የሚያየው የለም። ኪሱ ከተታት። ሞተሩ ተነሣ፤ ባለቤቱም አመስግኖ ጭኖት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ዘይት እየተፋ ተመለሰ። ባለቤቱ ሁለት ቀን ውኃ ሳያጠጣ መቅረቱን እየተናገረ ይጮኻል። አንለይ ከኪሱ ቀለበቷን አውጥቶ ለበላቸው ሰጠው። በላቸው ቀለበቷን እንደ ያዘ ወደ ባለቤቱ ዞረና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጣርቼ ማየት ነበረብኝ» አለው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው ወደ አንለይ የተመለሰው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርሁ።»

«ከእኔ?»

«ከልጅ ፊት ማፈር ይከብዳል።»

በላቸው ያኔ ተቆጣ። «ሞተር የሰው ዕድሜ አያውቅም፣ አያ አንለይ። ዛሬ ዘይት ተፋ፤ ነገ ደግሞ የሰው እጅ ይቆርጣል።» አለና መፍቻውን አነሣ። አብረው ፈቱት፣ አብረው ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ አንለይ የሚፈታውን ሁሉ በአፈታቱ ተራ ጆንያ ላይ ይደረድራል፤ ሲገጥምም ድምፁን አሰምቶ ይቆጥራል። ሌሎቹ አባላት መጀመሪያ ሳቁበት። ቆይቶ ከሳቁት ሁለቱ ራሳቸው ሲቆጥሩ ተሰሙ።

በ1977 ጥምቀት ካለፈ በኋላ በላቸውን ሐሳብ ያዘው። የያዘው ዕቃ ከእጁ ይወድቃል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ «አያ፣ አንድ ጉዳይ ነበረኝ» አለ። ሐሙሲት ላይ አገኘሁሽ የምትባል አስተማሪ ወድዷል፤ እሷም ፈቅዳለች። ከአባቷ ዘንድ ግን ሽማግሌ መላክ አለበት። የእሱ አባት ሞተዋል፣ አጎቱ ሁመራ ነው፣ እናቱ አንበሳሜ የሚኖሩ ሕመምተኛ ናቸው።

«አቶ ወልደ ሥላሴ እሺ ብለዋል። እርስዎም ይሂዱልኝ።»

«እኔ ተማሪህ ነኝ እኮ።»

«ለዚህ ነው የለመንሁዎት። በየቀኑ የሚያዩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሁለቱ ሽማግሎች ነጭ ጋቢ ለብሰው ሐሙሲት ወረዱ። የልጅቷ አባት አቶ አያልነህ ደጃቸው ላይ ተቀበሏቸው፤ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ወልደ ሥላሴ እንደ ወጉ የመጡበትን ተናገሩ። አቶ አያልነህ ሰሙና ወደ አንለይ ዞሩ።

«እርስዎ ለልጁ ምኑ ነዎት? አጎቱ?»

«ተማሪው ነኝ።»

አቶ አያልነህ የአንለይን ሽበት አዩ። «ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ተማሪ ዛሬ ገና አየሁ።»

«እኔም አስተማሪዬን ለመዳር ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሰውዬው ፈገግ አሉ፤ ግን አልለቀቁትም። «የእጅ ሥራ ሠሪ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እሱን ተዉት፣ ልጄም ትወደዋለች። ጠባዩን ይንገሩኝ። ቁጡ ነው?»

ወልደ ሥላሴ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ አንለይ ቀደማቸው። «አንድ ጊዜ ተቆጥቶኛል» አለ። ወልደ ሥላሴ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። አንለይ ስለ ቀለበቷ ምንም ሳያስቀር ነገራቸው። «በሰው ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አለ። የተቆጣኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ፣ ለብቻችን ሆነን ነው። ተቆጥቶም አልተወኝም፤ አብሮኝ ሠራ።»

አቶ አያልነህ መደቡን በእጃቸው ጠረጉ። «ተቀመጡ» አሏቸው። ዝምድናው እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ የሚያገናኝ አልተገኘም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ዓመቱ ለብዙ አገር ክፉ ቀን ነበርና ድግሱን በልክ አደረጉት። አንለይ ከሙሽራው አባት ቦታ ተቀመጠ። ጥሩብርሃን ለዚያ ቀን ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጥባዋለች፤ አሁንም ይሸት ነበር ትላለች።

የካቲት 1978 የፈተናው ቀን ደረሰ። ሞተሩን የመረጠው በላቸው ነው። የመረጠውም ከጉማራ ወንዝ ዳር የመጣ፣ ክረምቱን በጎርፍ ተውጦ የከረመ፣ ደለል የሞላው ነበር። አንለይ ሞተሩን አየ፤ የዳረውን ሰው ደግሞ አየ። በላቸው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀመረ። እያንዳንዷን ዕቃ ፈታ፣ አጠበ፣ ደረደረ። ምሳ ሰዓት ሲሆን አባላቱ በልተው መጡ፤ እሱ ገና ያጥብ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየቆጠረ ገጥሞ ጨረሰ። ጆንያው ላይ ምንም አልተረፈም። ወልደ ሥላሴ እጀታውን ከማዞሩ በፊት አስቁመው ጥያቄ ጠየቁት።

«አንድ ሞተር አልነሣም ቢልህ መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«ናፍጣ እንዳለው።»

አባላቱ ሳቁ። ወልደ ሥላሴ አልሳቁም። «ባለፈው ወር ከእናንተ አንዱ ግማሽ ቀን ፈትቶ ሲያበቃ ነው የናፍጣ ጋኑ ባዶ መሆኑን ያየው» አሉ። ሳቁ ቆመ።

አንለይ እጀታውን አዞረ። በመጀመሪያው ጥቁር ጭስ ብቻ ወጣ። በሁለተኛው ተነሣ።

እጅ ሲወጣ አንደኛው አባል እጁን ሳያወጣ ቆየ። «ሥራው ይዘገያል» አለ።

«ይዘገያል» አለ በላቸው። «ከቀለበቷ ወዲህ የገጠመው ግን ተመልሶ አልመጣም።»

ሰውዬው አሰበና እጁን አወጣ። አሥራ አንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንለይ የሳምንቱን ግማሽ ወረታ፣ ግማሹን በርብ ዳር ይሠራ ነበር። ከርብ እስከ ጉማራ ሞተር ያላቸው ማኅበራት ሁሉ ያውቁታል። ርብ ዳር ያለው ሞተር በየበጋው ይቆማል፤ ግን ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ አያድርም። ሰዎች ማረስ አይናፍቅህም ወይ ብለው ሲጠይቁት አይዋሽም፤ ሰኔ ላይ መሬቱ ዝናብ ሲጠጣ ይናፍቀኛል ይላል። ሥራው ግን ቁጭ ብለው የሚሠሩት ነው፤ ጉልበቱም አያመውም። ጧት ዱላውን ይዞ፣ መፍቻዎቹን በከረጢት አንጠልጥሎ ሲወጣ ጥሩብርሃን ከደጅ ሆና ታየው ነበር። አረማመዱ ቀስ ያለ ነው፤ ግን ወደሚወደው ሥራ የሚሄድ ሰው አረማመድ ነው ትላለች።