ጥርስ ሳያሳዩ መሳቅ

«ልጆች፣ አፋችሁን ዝጉ!» ብለው ጮኹ፣ በትምህርት ቤታችን አጥር በኩል የቆሙት ዘጠና ያለፋቸው ጎረቤታችን።

ዛሬ እዚህ ቡሌ ከተማ ተማሪዎቼን የጥርስ ጤና ጨዋታ እያጫወትኩ ነበር። ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ጥርሱ የጸዳ ከሰልፉ ይወጣና ይጨበጨብለታል።

«ምነው አባባ?» ብዬ ስጠጋ አጥሩን ይዘው ነገሩኝ።

«ጣሊያን እንዲህ አሰልፎን፣ ስንስቅ ጥርሳችንን እያየ፣ ጥርሱ ጠንካራ የሆነውን ጤነኛ ነው ብሎ ለመንገድ ሥራ ይወስድ ነበር። እናታችን ጥርስ ሳያሳዩ መሳቅን እንደ ጨዋታ አስተማረችን። እኔ ቻልኩበት። ታላቄ ግን ሳቁን መያዝ አይችልም ነበር። ወሰዱት፤ አልተመለሰም።»

አባባ ሁሌ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲስቁ፣ ጥርሳቸው አልቆ የሚያፍሩ ይመስለኝ ነበር። የጥርስ ጤና አስተማሪ ነኝ እንግዲህ!

እናንተ ጋስ አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁ ሽማግሌ አሉ? ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?