ከሹፌሩ ጀርባ የምትቀመጠው ሴት

የፋብሪካው ሰርቪስ ሹፌር ስሟን አያውቅም። ሁልጊዜ ከጀርባው ትቀመጣለች፤ ነጭ ካፖርቷን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፤ ልብሷ የኮመጠጠ እርሾ ይሸታል። ሥራዋ ለዶሮ መኖ የሚሆን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ማሻሻል ነው።

«‹በቃን› ብለው የሚያቆሙበትን ዘረመል እንለውጥባቸዋለን፤ ከዚያ ሳያባሩ ያመርታሉ» ብላ አንድ ቀን አስረድታዋለች።

«እኔም በቃኝ ካልኩ ቆየሁ፤ ምነው እኔንም በለወጡኝ!» አላት። ሳቀች፣ ግን ወዲያው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ሥራው ፋታ ቢነሳት ልጇን ገና ጡት ሳትጥል ለእህቷ ሰጥታታለች። ይህን ሹፌሩ ከስልክ ወሬዋ ለቃቅሞ ነው ያወቀው።

ትናንት ፊቷ በርቶ ገባች። «ተሳካልን! ባክቴሪያዎቹ ካሰብነው እጥፍ ሰጡ» አለችው፤ ሳትቀመጥም ወደ እህቷ ስልክ ደወለች፤ ልጇ አነሳች።

«የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?»

የልጅቷ ድምፅ እስከ ሹፌሩ ተሰማ። «ቆይ፣ እማዬ ጓሮ ናት፤ ልጥራልሽ።» እማዬ ያለችው አክስቷን ነው።

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እህቷ ስልኩን ስትቀበል ስለ ባክቴሪያዎቹ ትንፍሽ አላለችም።

«ልጅሽ እንዴት አድጋለች!» ብቻ አለቻት።